ላፕቶፕን ከሰርቨር ጋር ስናወዳድር የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ አሮጌ ሰርቨር እጄ ገባ። ውስጡ ዜኦን ኢ5-2670 የሚባሉ ሁለት የኢንቴል የሰርቨር ፕሮሰሰሮች አሉ። እያንዳንዳቸው 8 ኮር (ራሱን ችሎ ሥራ የሚሠራ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ስላላቸው በድምሩ 16 መሆኑ ነው። ሲነሳ ማራገቢያው እንደ አውሮፕላን ያጓራል። አጠገቡ የተቀመጠው ላፕቶፔ ደግሞ ቀጭን ነው፤ ኮር አይ7-1355ዩ የሚባል የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው፣ ድምፁም እምብዛም የማይሰማ።

አንድ ትልቅ የጽሑፍ ፋይል የምታጣራ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ነበረችኝ። ሁለቱም ላይ አስነሳኋት። ላፕቶፑ ጨርሶ ሲያርፍ ሰርቨሩ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበር። «ይሄን ሁሉ ብረት ምን ላደርገው ነው?» አልኩ። በማግስቱ አንድ ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮጀክት ኮምፓይል ሳደርግ፣ ማለትም ኮዱን ማሽኑ ወደሚረዳው ቋንቋ ስለውጥ፣ ነገሩ ተገለበጠ። ላፕቶፑ ግሎ ሲያለከልክ፣ ሰርቨሩ እያጓራም ቢሆን ቀድሞት ጨረሰ።

ታዲያ የቱ ይፈጥናል? መልሴ «ለምን ሥራ?» የሚል ነው። ከጥያቄው የምሸሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ጥያቄ ዘሎ ከማለፍ የሚመጡ ናቸው። እኔም ሁሉንም ለማለት በሚያስችል ደረጃ ሠርቻቸዋለሁ።

ጊጋኸርዙን አይቶ መፍረድ

አንጋፋው ስህተት ይሄ ነው። ጊጋኸርዝ የሚነግረን ፕሮሰሰሩ በሰከንድ ስንት ቢሊዮን ጊዜ እንደሚራመድ ነው። አንዱ እርምጃ ምን ያህል መንገድ እንደሚሸፍን ግን አይነግረንም። ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ ሁሉ ቀድሞ አይደርስም።

ኢንቴል ራሱ በዚህ ተፈትኗል። በ2000 የወጣው ፔንቲየም 4 ጊጋኸርዙ ከፍ እንዲል ታስቦ የተነደፈ ነበር፤ ኋላም 3.8 ደርሷል። በ2003 ለላፕቶፕ የወጣው ፔንቲየም ኤም ግን በ1.6 ጊጋኸርዝ እየሠራ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ ያላቸውን ፔንቲየም 4ዎች ይገዳደር ነበር። ውሎ አድሮ ኢንቴል የፔንቲየም 4ን መንገድ ተወው። በ2006 የመጣው ኮር 2 የተመዘዘው ከዚያ ከላፕቶፑ ፕሮሰሰር ዘር ነው።

የላፕቶፕና የሰርቨር ነገር ሲሆን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የኔ ላፕቶፕ ወረቀቱ ላይ «እስከ 5.0 ጊጋኸርዝ» ይላል። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነው የኤኤምዲ የሰርቨር ፕሮሰሰር ኤፒክ 9654 ደግሞ መነሻው 2.4፣ ጣሪያው 3.7 ነው። 5.0ን ከ2.4 ጋር አስቀምጦ «ላፕቶፑ እጥፍ ይፈጥናል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ዘሏታል። 5.0 የሚደርሰው አንድ ሁለት ኮር ብቻ ሲሠራ፣ ያውም ለአጭር ጊዜ ነው። 2.4 ደግሞ 96ቱም ኮሮች ተጭነው ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ የሚጠበቅ መነሻ ነው። አንዱ ጣሪያ ነው፣ ሌላው ወለል።

በስሙ መታለል

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የፕሮሰሰርን ስም ግን የሚያወጣው የሽያጭ ክፍሉ ነው።

«አይ7 ከአይ5 ይበልጣል» የሚለው እምነት ሰው ጭንቅላት ውስጥ በሚስማር ተመቷል። ኮር አይ7-7500ዩን እንይ። 2 ኮርና 4 ትሬድ (ኮሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው የሥራ መስመር) ነው ያለው። በ2017 የወጣው ኮር አይ5-8250ዩ ግን 4 ኮርና 8 ትሬድ አለው። ሁለቱም 15 ዋት ናቸው። ብዙ ኮር በሚፈልግ ሥራ አይ5ቱ አይ7ቱን ጥሎት ይሄዳል።

ኤኤምዲም ንጹሕ አይደለም። ራይዘን 5 7520ዩ፣ ራይዘን 7 7730ዩ እና ራይዘን 7 7840ዩ ሲታዩ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። ሁሉም በ7 ይጀምራሉ። ውስጣቸው ያለው ንድፍ ግን በቅደም ተከተል ዜን 2፣ ዜን 3 እና ዜን 4 ነው። ምስጢሩ ሦስተኛዋ አሃዝ ላይ ተደብቋል፦ 2፣ 3፣ 4። ይህን ማን ይነግርሃል? ማንም።

ሰርቨር ላይም «ዜኦን ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይናገርም። የኔው ኢ5-2670 የ2012 ፕሮሰሰር ነው። ዜኦን መሆኑ ከዕድሜው አያድነውም። ሁለት ፕሮሰሰር ስታወዳድሩ መጀመሪያ የወጡበትን ዓመትና የኮሩን ንድፍ ፈልጉ። ስሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ኮር ሁሉ እኩል ነው ብሎ መቁጠር

የላፕቶፔ ፕሮሰሰር «10 ኮር» ይላል። እውነቱን ነው። ግን 2ቱ ትልልቆች፣ 8ቱ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ ትንንሾች ናቸው። ትልልቆቹ እያንዳንዳቸው 2 ትሬድ ሲይዙ ትንንሾቹ አንድ አንድ ይይዛሉ። ስለዚህ በድምሩ 12 ትሬድ ነው። እንደ ኤፒክ 9654 ባለው ሰርቨር ላይ ግን 96ቱም ኮሮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ትሬድ ይይዛሉ።

ትሬድን እንደ ሙሉ ኮር መቁጠርም የተለመደ ነው። ሁለት ትሬድ አንድን ኮር ይጋራሉ እንጂ ኮሩ ሁለት አይሆንም። አንደኛው ዳታ ከራም (ከኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) እስኪመጣ ሲጠብቅ ሌላኛው ክፍተቱን ይጠቀማል። ትርፉ በሥራው ዓይነት ይወሰናል። ጥሩ የሚባል ጭማሪ ሊገኝ ይችላል፣ እጥፍ ግን አይሆንም። አንዳንድ ሥራ ላይ ጭራሽ የሚጎዳበት ጊዜም አለ።

ይህ ስህተት ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በምንከራየው ሰርቨር ላይ፣ ይብሳል። እዚያ የሚቆጠረው በቪሲፒዩ (በምናባዊ ፕሮሰሰር) ነው። «8 ቪሲፒዩ ተከራይቻለሁ፣ ላፕቶፔም 8 ኮር ነው፣ እኩል ናቸው» ትላላችሁ። የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ አንድ ቪሲፒዩ ብዙ ጊዜ አንድ ትሬድ ነው። 8 ቪሲፒዩ ማለት 4 ኮር ማለት ሊሆን ይችላል። የአማዞን ፕሮሰሰር በሆነው ግራቪተን ላይ ደግሞ አንድ ቪሲፒዩ አንድ ሙሉ ኮር ነው። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ዕቃው ሌላ ነው።

ኮር ሲበዛ ሥራው በዚያው ልክ ይፈጥናል ብሎ ማመን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ሰርቨር የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ አንድን ድረ ገጽ ቢከፍት፣ የእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ሎሚ ነው። ለ96 ኮር ማከፋፈል ቀላል ነው። ግን ሥራ ሁሉ ሎሚ አይደለም። አንዳንዱ አንድ ትልቅ ድንጋይ ነው። ሃምሳ ሰው ቢከበውም አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጨብጠው።

ይህን በ1967 በሒሳብ ያስቀመጠው ጂን አምዳል ነው። ሕጉም በስሙ ይጠራል። ቀመሩን ትተን በደቂቃ እንቁጠረው።

በአንድ ኮር 100 ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ አለን እንበል። ከዚህ ውስጥ 90 ደቂቃው ሊከፋፈል ይችላል። 10 ደቂቃው ግን ተራ በተራ ብቻ የሚሠራ ነው። 10 ኮር ስንሰጠው 90ው ወደ 9 ይወርዳል። ያቺ 10 ደቂቃ ግን አትነቃነቅም። ድምሩ 19 ደቂቃ ነው። ደስ ይላል። አሁን 96 ኮር እንስጠው። 90ው ከአንድ ደቂቃ በታች ይወርዳል፤ 10ሯ አሁንም አለች። ድምሩ 11 ደቂቃ አካባቢ ነው። ኮሩን ወደ አሥር እጥፍ አሳድገን ያተረፍነው 8 ደቂቃ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ባለ 10 ኮሩ ማሽን ላይ እያንዳንዱ ኮር እጥፍ ይፈጥናል እንበል። ለስሌት ያህል ነው፤ የላፕቶፕ ኮሮች እኩል እንዳልሆኑ አይተናል። ያቺ ግትር 10 ደቂቃ ወደ 5 ትወርዳለች። 90ው ወደ 45፣ ለ10 ሲካፈል ወደ 4 ተኩል። ድምሩ 9 ደቂቃ ተኩል! ባለ 10 ኮሩ ባለ 96ቱን ቀደመው።

የፓይተን ስክሪፕቴም ነገር ይኸው ነበር። እሷ ከነጭራሹ በአንድ ኮር ብቻ ነበር የምትሠራው። 15ቱ የሰርቨሩ ኮሮች እጃቸውን አጣጥፈው ያዩ ነበር።

በሁለት ደቂቃ ሙከራ መፍረድ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔም ላፕቶፑን ስገዛ የሁለት ደቂቃ ሙከራ አድርጌ ነበር በውጤቱ የጨፈርኩት።

የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ሁለት ፊት አለው። የኔው አይ7-1355ዩ መነሻው 15 ዋት ነው። ሲፈተን ግን እስከ 55 ዋት መሳብ ይችላል። ያን ያህል ሙቀት ቀጭን አካል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ማስወጣት አይቻልም። ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ይሮጥና ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ዓይኔ እያየ የሆነውን ልንገራችሁ። ኮምፓይሉን አስጀምሬ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ከጎን ከፈትኩ። ሲጀምር ትልልቆቹ ኮሮች ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ ያነቡ ነበር። ማራገቢያው ተነሳ። ግማሽ ደቂቃ ገደማ ሲሆነው ቁጥሩ እንደ ደረጃ መውረድ ጀመረ። 3 ምናምን። ከዚያ 2 ምናምን። እዚያው ተቀመጠ። ኪቦርዱ ከላይ በኩል ለጣት ይሞቅ ነበር። ሰርቨሩ ላይ ያንኑ ሳደርግ ግን በመጀመሪያው ደቂቃና በሃያኛው ደቂቃ መካከል ልዩነት ያለ አይመስልም። የሚያጓራው ማራገቢያ ለካ ሥራ አለው።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው አፕል ኤም1 ነው። በ2020 ሲወጣ ማክቡክ ኤርም ማክቡክ ፕሮም ውስጥ ገባ። ኤሩ ማራገቢያ የለውም፣ ፕሮው አለው። አጭር ሥራ ላይ ለያይቶ ማወቅ ይቸግራል። ሥራው ሲረዝም ኤሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሌላ በኩልም አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የላፕቶፑ አምራች የዋት ገደቡን ከፍም ዝቅም ማድረግ ይችላልና።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሙከራውን ግማሽ ሰዓት ደጋግሜ አስሮጠዋለሁ። የመጀመሪያውን ዙርና የመጨረሻውን ዙር ለየብቻ እጽፋለሁ። ላፕቶፑን ከሰርቨር ጋር ሳወዳድር የማየው የመጨረሻውን ነው። ሲኒቤንች አር23 የሚባለው የፍጥነት መፈተኛ ፕሮግራም ሳይነካ ከተተወ ለ10 ደቂቃ የሚደጋግመው በዚሁ ምክንያት ነው። ደግሞ እባካችሁ ቻርጀሩን ሰኩት! በባትሪ እየሠራ ያለን ላፕቶፕ ከሰርቨር ጋር ማወዳደር ግፍ ነው።

ዋቱን ለኮር ሳያካፍሉ ማየት

«ሰርቨሩ 360 ዋት፣ ላፕቶፑ 15 ዋት፣ ታዲያ ሰርቨሩ ለምን 24 እጥፍ አይፈጥንም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የኤፒክ 9654ን 360 ዋት ለ96 ኮር አካፍሉት። ለአንድ ኮር 3.75 ዋት ነው የሚደርሰው። ያውም ከዚህ ላይ የራምና የግንኙነት ክፍሎቹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ላፕቶፑ ግን አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ያለውን ዋት በሙሉ ማለት ይቻላል ለሱ ያፈስለታል። ብቸኛ ልጅና ባለ 96 ልጆች ቤት ማለት ነው። የሰርቨር ኮር ጊጋኸርዙ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው እንጂ ንድፉ ደካማ ሆኖ አይደለም። የኤፒክ 9654 ኮርና የላፕቶፑ ራይዘን 7 7840ዩ ኮር ሁለቱም ዜን 4 ናቸው።

ራሙን መርሳት

ፕሮሰሰር የሚሠራው ዳታ ሲደርሰው ነው። ኤፒክ 9654 12 የራም መስመሮች አሉት። ዲዲአር5-4800 ሲገጠምለት በሰከንድ እስከ 460.8 ጊጋባይት ማመላለስ ይችላል። ሁለት መስመር ዲዲአር5-5200 ያለው ላፕቶፕ 83.2 ጊጋባይት ነው ጣሪያው። ሰርቨሩ በሰፊው ይበልጣል።

ግን ይህንንም ለኮር አካፍሉት። ለሰርቨሩ ኮር 4.8 ጊጋባይት ይደርሰዋል። ለባለ 10 ኮሩ ላፕቶፕ ከ8 በላይ። ኮሮቹ ሁሉ ራም ላይ ከተሻሙ የሰርቨሩ ኮር ረዥም ወረፋ ይጠብቃል ማለት ነው። ማካካሻው ካሹ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽና ፈጣን ማስታወሻ፣ ነው። ኤፒኩ 384 ሜጋባይት የኤል3 ካሽ አለው፤ የኔው ላፕቶፕ 12።

ላፕቶፕ ላይ የተለመደ ጥፋት አንድ የራም ቁራጭ ብቻ ሰክቶ መሞከር ነው። ያ 83.2 ወደ 41.6 ይወርዳል። ከዚያ «ይሄ ፕሮሰሰር አይረባም» ይባላል። የፕሮሰሰሩ ጥፋት አይደለም።

ሁለት ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር ላይም አንድ ነገር አለ። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር የራሱ ራም አጠገቡ አለው። የጎረቤቱን ራም ማንበብ ሲኖርበት ይዘገያል። ኑማ የሚሉት ይህንን ነው። ፕሮግራሙ ይህን ካላወቀ ሁለተኛው ፕሮሰሰር የሚጨምረው ከታሰበው ያንሳል።

አንዱን በቁና፣ ሌላውን በኪሎ መስፈር

ጊክቤንች የሚባል ሌላ የፍጥነት መፈተኛ አለ። የጊክቤንች 5ን ነጥብ ከጊክቤንች 6 ነጥብ ጋር የሚያወዳድር ሰው ዛሬም አለ። 5 ላይ 1000 ነጥብ መለኪያው ኮር አይ3-8100 ነበር። 6 ላይ 2500 ነጥብ መለኪያው ኮር አይ7-12700 ነው። ቁናው ተቀይሯል። ሲኒቤንች አር23ና ሲኒቤንች 2024ም እንዲሁ አይነጻጸሩም።

ለሰርቨር ሰዎች ግን ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው። ጊክቤንች 5 የብዙ ኮሩን ፈተና ሲያደርግ ለእያንዳንዱ ኮር የየራሱን ሥራ ይሰጥ ነበር። ጊክቤንች 6 ኮሮቹ አንድን ሥራ እንዲጋሩ አደረገ። ለላፕቶፕ ተጠቃሚ ይህ ከእውነተኛው ኑሮ ጋር ይቀራረባል። ባለ 96 ኮር ሰርቨር ግን እዚያ ላይ ጉልበቱን አያሳይም። ከላይ ያየነው የአምዳል ድንጋይ ነው። ውጤቱን አይቶ «ላፕቶፕ ሰርቨርን ደረሰበት» ማለት ፈተናውን ሳያነቡ ውጤቱን ማንበብ ነው።

ስፔክ ሲፒዩ 2017 የሚባለው መፈተኛም ሁለት ዓይነት ነጥብ አለው። «ስፒድ» የሚባለው አንድ ሥራ በስንት ጊዜ እንዳለቀ ይለካል። «ሬት» የሚባለው ብዙ ቅጂዎች ጎን ለጎን ሲሮጡ በአንድ ጊዜ ውስጥ ስንት ሥራ እንደወጣ ይለካል። የአንዱን ስፒድ ከሌላው ሬት ጋር አታስቀምጡ።

ለኔ ከሁሉም የሚሻለው ፈተና የራሳችሁ ሥራ ነው። የራሳችሁ ኮድ፣ የራሳችሁ ዳታቤዝ፣ የራሳችሁ ቪዲዮ።

ሶፍትዌሩን ሳያስተካክሉ መለካት

ባጭሩ፦ አንድ ዓይነት ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ አንድ ዓይነት የኮምፓይለር ስሪት፣ አንድ ዓይነት አማራጮች ይሁኑ። የኃይል ቁጠባ ሁነታው የት ላይ እንዳለ እዩ። ኤቪኤክስ-512 የሚባሉት፣ ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሰሉ ትእዛዞች ዘመናዊ ዜኦኖች ላይ አሉ። ኢንቴል ከ12ኛው ትውልድ ጀምሮ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ላይ ትቷቸው ነበር። ፕሮግራማችሁ እነዚህን የሚጠቀም ከሆነ ልዩነቱ ከኮሩ ፍጥነት ሳይሆን ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

አማካዩን ብቻ ማየት

ሰርቨር ለመግዛት ወይም ለመከራየት የምታወዳድሩ ከሆነ ይህችን አትለፏት። 100 ጥያቄ መጥቶ 95ቱ በ20 ሚሊሰከንድ ቢመለሱና 5ቱ 2 ሰከንድ ቢወስዱ፣ አማካዩ 119 ሚሊሰከንድ ነው። ደህና ይመስላል። አምስቱ ሰዎች ግን ስክሪናቸው ላይ አፍጥጠው ነበር። 119 ሚሊሰከንድ የጠበቀ ሰው ደግሞ ጭራሽ የለም። ላፕቶፕ ሲግል የሚፈጥረው ችግር ብዙ ጊዜ የሚታየው እዚህ ጅራቱ ላይ፣ በዘገዩት ጥቂት ጥያቄዎች ላይ ነው።

በነጥብ የማይለኩም ነገሮች አሉ። የሰርቨር ፕሮሰሰር ስህተት የሚያርም ኢሲሲ ራም ይቀበላል። ራሙ በቴራባይት ሊቆጠር ይችላል። ኤፒክ 9654 ለዲስክና ለግራፊክስ ካርድ 128 የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች አሉት። ብዙ ድርጅት ሰርቨር የሚገዛው ለእነዚህ ብሎ ነው፤ ፍጥነቱ ተከትሎ የሚመጣ ነው።

ያቺን የፓይተን ስክሪፕት በቅርቡ ተመለስኩባት። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ 16 ቦታ፣ ላፕቶፑ ላይ 10 ቦታ ቆራርጬ ለየኮሩ አደልኩት። መጨረሻ ላይ ውጤቱን አንድ ላይ የምትሰበስበው ክፍል ብቻ በአንድ ኮር ቀረች። በዚህኛው ዙር ሰርቨሩ ቀደመ። ጩኸቱ ግን ስላልቀነሰ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሬዋለሁ፤ ሥራ የምሰጠውም ከላፕቶፑ ላይ ሆኜ ነው።